ጄ ስምንት፣ ቤላና አንተ

ጂሎንግ፣ ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ
ሰኔ 1926 እ.ኤ.አ.

ውድ ላንስ፣

ትናንት ሰርጓጅ መርከባችንን ጄ ስምንትን ቀበርናት። "ቀበርናት" የምለው እኔ ነኝ፤ የገዛት ብረት ነጋዴ "ጣልናት" ነው የሚለው። መዳቧን፣ ሞተሮቿን፣ የሚሸጥ የሚለወጠውን ሁሉ ካወለቀ በኋላ ባዶ ቀፎዋን በጎታች ጀልባ አስጎትቶ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ውጭ አወጣትና ሆዷን ከፍተው ለቀቋት። እኔና ቤላ ባርዎን ሄድስ ገደል ላይ ቆመን አየናት። ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፤ ቤላ የእኔን ካፖርት ደርባለች። ሰርጓጇ መጀመሪያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ ከዚያ እንደ ደከማት ከብት በጎኗ ተኛችና ሄደች። ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግራ፣ ያንን ሁሉ ጦርነት አምልጣ፣ አሟሟቷ እንዲህ ሆነ።

እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ ጽፌልህ አላውቅም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን ገደሉ ላይ ቤላ አንድ ነገር ተናገረች፤ እሱን ለአንተ ካልሆነ ለማንም ልነግረው አልችልም። ነገሩ እንዲገባህ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ግማሹን አንተም ታውቀዋለህ፣ ነገር ግን በእኔ ዓይን አላየኸውም።

በግልጽ ልበልህ፤ ቀንቼብህ ነው የኖርሁት። በሕይወት ሳለህ ቀናሁብህ፤ ከሞትህ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ።

ጄ ስምንት ከመሠሪያዋ አዲስ ወጥታ እንግሊዝ አገር ብላይዝ ወደብ የገባች ሰሞን ትዝ ይልሃል? ከውሃ በላይ ስትሮጥ የጦር መርከብ የምትቀድም ሰርጓጅ መጣች ተብሎ የከተማው ሰው ሁሉ ሊያያት ወረደ። እኔና አንተ የዚያው የከሰል አገር ልጆች ነንና ደረታችን አበጠ። አንተ ቶርፔዶው ጋ፣ እኔ ሞተሩ ጋ ተመደብን። የመጀመሪያው የዕረፍት ቀናችን ወደቡ አጠገብ ካለችው ዳቦ ቤት ገባን። ከመደርደሪያው ኋላ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የነሰነሰባት ልጅ ቆማለች። እኔ ገና ቆቤን ሳስተካክል አንተ ቀደምህ።

"ስምሽ ማን ነው?" አልሃት።

"እዚህ ቤት የሚሸጠው የሥጋ ፓይ ነው፤ ስም አንሸጥም" አለች።

"እንግዲያው ፓዩን ለጓደኛዬ ስጪው፤ ስሙን ለእኔ።"

ሳቀች። እኔ ፓዩን ተቀበልሁ፤ አንተ ስሙን። እንዲህ ነበር የተካፈልነው፣ ላንስ። ፓዩ በጣም ትኩስ ነበርና ምላሴን አቃጠለኝ፤ አንተ እስከ ወደቡ ድረስ "ቤላ፣ ቤላ" እያልህ ሄድህ።

በሠርግህ ቀን ሚዜህ እኔ ነበርሁ። የሚዜን ጥርስ ሁሉም ያያል፤ ሆዱን ማን ያያል? አክስቷ ትከሻዬን መታ አድርገው "አይዞህ ሩበን፣ ላንተም አንዷን እግዜር ያዘጋጃል" አሉኝ። ያዘጋጀልኝማ ነጭ ለብሳ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር።

በተከታዩ ክረምት የሆነውን ደግሞ አትረሳውም። ከዴንማርክ ዳርቻ ወዲህ አድፍጠን ሳለ የጀርመን መርከብ አግኝተን ቶርፔዶ ለቀቅን፤ ሳትን። አጃቢዎቿ እንደ ንብ ተነሱብን። ካፒቴኑ "አስጥሟት!" አለ፤ ወረድን፣ ወረድንና አፍንጫዋ ከባሕሩ ጭቃ ገብቶ ተቀረቀረ። ጠላት እላያችን ላይ ሲመላለስ ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። የጠላት ድምፅ ሲርቅ ጊዜ ደግሞ የምንውጠው ትንፋሽ አጠረን። ክብሪት አልበራ አለ። ካፒቴኑ "ልጆች፣ ሞተሩን እስክንሞክር ድረስ እንቅልፍ እንዳይጥላችሁ፤ አንድ ሰው ያውራ" ሲል ሁሉም ወደ አንተ ዞረ።

አንተም ስለ ቤላ ጀመርህ። ስትቦካ እጅጌዋን እስከ ክንዷ እንደምትሰበስብ፣ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ስትቆጣ አፍንጫዋ ቀድሞ እንደሚቀላ። ሽማግሌው ወጥ ቤት "ሮብሰን፣ ስለ ፓዩ ንገረን እንጂ የሚስትህ ክንድ ለእኛ ምን ይረባናል?" ሲልህ ሰው ሁሉ በሌለው አየር ሳቀ። እኔ ከሞተሩ በር ተደግፌ እሰማለሁ። ያንን ዱቄት እኔም አይቼዋለሁ። የአፍንጫዋን መቅላትም አውቀዋለሁ። የማውራት መብት ግን ያንተ ነው። እዚያ ጭቃ ውስጥ ሞት ራሱ አንገቴን ይዞኝ ሳለ፣ የሚያንቀኝ የአየሩ ማጠር ይሁን የአንተ ወሬ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት እያልሁ ነቀነቅኋት፤ ጋኖቿም ያሰጠማትን ውሃ ተፉና ከጭቃው ተላቀቀች። ከላይ ስንወጣና ክዳኑ ሲከፈት ባልደረቦቻችን አንተን ነበር የሚያቅፉት። "ሮብሰን ነው ያቆየን" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ መርከቧን አወጣሁ እንጂ ሰዎቹን በልባቸው ያቆየኸው አንተ ነህ። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ሹመት መጣልህና ወደ ጄ ስምንት እኅት ወደ ጄ ዘጠኝ ተዛወርህ። ልጅህ ሜጊም ተወለደች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ስትዛወር ደስ አለኝ። ቢያንስ ባሕር ላይ ሳለሁ ስለ ሚስትህ አልሰማም አልሁ።

የጥቅምቱን ጭፈራ ታስታውሳለህ? ጦርነቱ ሊያልቅ ነው እየተባለ የወደቡ አዳራሽ በሰው ሞልቶ ነበር። አንተ ተረኛ ስለነበርህ ዘግይተህ መጣህ። ቤላ ብቻዋን ከምትቀመጥ ብዬ አብሬያት ጨፈርሁ፤ ሽማግሌው ወጥ ቤት ማዕበል ሲመታን የሾርባው ድስት ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ ስነግራት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። መጣህና "በቃ ሩበን፣ ተራው የእኔ ነው" አልኸኝ፤ ፈገግ ብለህ። እኔም እንደ ቀልድ ወሰድሁት። ከዚያች ሰዓት በኋላ በዓይኔ አላየሁህም።

ጄ ዘጠኝ ስትወጣ እኛ ሞተራችን ተፈትቶ ወደብ ውስጥ ቀርተናል። ጭጋግ ነበር። ነጋዴ መስላ መድፎቿን በሸራ ሸፍና የምትዞር የራሳችን የወጥመድ መርከብ የጠላት ሰርጓጅ መስላችኋት ተኮሰችባችሁ። በመብራት የሰጣችሁትን የወዳጅ ምልክት በጭጋጉ ውስጥ አላየችውም። ጥፋቷን ያወቀችው ውሃው ላይ የቀሩት ሰዎች በገዛ ቋንቋዋ ሲሰድቧት ነው። የተረፉትን አወጣች። አንተ ከእነሱ ውስጥ አልነበርህም። ሰላም ሊታወጅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ለቤላ ንገር ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ። በሩን ከፈተች፤ ቆቤን በእጄ ይዤ ስታየኝ ሁሉም ገባት። አላለቀሰችም። ዓይኔን እያየች "ከሰው ሁሉ አንተ? ለምን አንተ መጣህ?" አለችና በሩን ዘጋችው። እኔም ትርጉሙን ለራሴ ሰጠሁት፤ "ምነው እሱ ቀርቶ አንተ በሞትህ" ማለቷ ነው አልሁ። ይህችን ቃል እንደ እሾህ በእግሬ ይዤ ለዓመታት አነከስሁ።

ያም ሆኖ አልተውኋትም። ክረምቱን ከሰል ተሸክሜላት ሄድሁ፤ የጣሪያዋን ቀዳዳ ደፈንሁ፤ ሜጊን በትከሻዬ ይዤ ወደቡን አዞርኋት። በዚያ መካከል ጄ ስምንትና እኅቶቿ ለአውስትራሊያ እንደተሰጡ ተነገረን። ቤላን እንድታገባኝና አብራኝ እንድትሄድ ጠየቅኋት።

"አውስትራሊያ ፀሐይ አለ ይላሉ" አልኋት።

"ፀሐይ ምን ያደርግልኛል?"

"ለሜጊ ደረት ጥሩ ነው።"

የሜጊን ሹራብ ማጠፏን ቀጠለች። እንደገና ጠየቅሁ፣ ወሬ ለወጠች። ሦስተኛ ስጠይቅ ሳሕን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ "እሺ፤ ለሜጊ ስል" አለች። ላንስ፣ አንተ በአንዲት ቀልድ ስሟን ወሰድህ፤ እኔ ክረምቱን ሙሉ ከሰል ተሸክሜ "ለሜጊ ስል" አገኘሁ።

ሴቶቹ በመንገደኛ መርከብ ተሳፈሩ፤ እኛ ጄ ስምንትን ይዘን ወጣን። ጂብራልታር፣ ማልታ፣ ስዊዝ። ቀይ ባሕር ላይ የሞተሩ ክፍል እንደ ዳቦ መጋገሪያ ጋለ፤ ራቁታችንን እየሠራን ብረቱ በነካን ቁጥር ቆዳችን ይላጥ ነበር። ኮሎምቦ፣ ሲንጋፖር። የሰሜን ባሕር ልጅ ናትና ሙቀቱ አልተስማማትም፤ እያንዳንዱ ወደብ ላይ አንድ ነገሯ ይሰበራል። እኔ ግን እየጠገንሁ እዘፍናለሁ። አንተን ሰሜን ባሕር ላይ ትቼህ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ጂሎንግ ስደርስ ቀድመኸኛል። ባሕሩ ዳር በተሰጠን ቤት ቤላ ዕቃዋን ፈትታ ፎቶህን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር።

"ከምድጃው በላይ ቢሆን ምን ይመስልሃል?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው" አልሁ። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

ከአንተ ጋር አብሮ መኖር ምን እንደሚመስል ላስረዳህ? አንተ አታንኮራፋም። ቅባት የነካው ቦት ጫማ ይዘህ ምንጣፍ ላይ አትራመድም። ቢራ ጠጥተህ አትገባም። እኔ ፀጉሬ ሲሳሳ አንተ ሁልጊዜ ጎፈሬህ ሙሉ ነው። ሜጊ አፏን ስትፈታ ፎቶህን እያየች "አባዬ" አለች፤ እኔን "ሩበን" ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን የአሻንጉሊቷን እግር ሠርቼ ስሰጣት "አባዬ ቢኖር በፍጥነት ይሠራው ነበር፣ አይደል ሩበን?" አለችኝ። "አዎ የኔ ልጅ፤ በጣም በፍጥነት" አልኋት። ምን ልበል ታዲያ?

ከሁሉ የከፋው ግን ጥቅምት ነው። በየዓመቱ አንተ የሞትህባት ቀን ስትመጣ ቤላ ካፖርቷን ለብሳ ባሕሩ ውስጥ እስከ ገባው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ብቻዋን ትሄዳለች። "አብሬሽ ልምጣ?" ስላት "አይሆንም፣ የእኔ ጉዳይ ነው" ትለኛለች። ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች፤ ያን ቀን አታናግረኝም። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ የሚስቴን ጀርባ አያለሁ፤ ከእኔ ሸሽታ ከባሏ ጋር ልታወራ ስትሄድ።

ጄ ስምንትም እንደ እኔ እየዛገች ነበር። ባትሪዎቿ ሞቱ፤ መለዋወጫ ከእንግሊዝ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ትንሽ ወጣ ብላ ተጎትታ ትመለሳለች። የሰፈሩ ዓሣ አጥማጅ ባየኝ ቁጥር "ስማ ሩበን፣ ያቺ ጉድህ መስመጡንስ ተክናበታለች፤ መውጣቱን ማን ያስተምራት?" እያለ ይስቅብኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም።

አንድ የጸደይ ወቅት ላይ፣ የጥቅምቷ ቀንህ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት፣ ፓስኮ መጣ። ያ ከጄ ዘጠኝ የተረፈው፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የመጣው ረጅሙ ኮርንዋሌ፤ ለሰርጓጃችን ሰው ሲጎድል ተልኮ ነው። ቤላ አብሮህ የነበረ ሰው መሆኑን ስትሰማ እሑድ ምሳ ካልጋበዝነው አለች። የበግ ጥብስ ቀርቦ፣ ሜጊ ውጭ ልትጫወት ከወጣች በኋላ፣ ቤላ ሹካዋን አስቀመጠችና ጠየቀችው።

"መጨረሻውን አይተኸዋል?"

ፓስኮ አፉን ጠረገ። "አይቻለሁ፣ እመቤቴ። ውሃው ውስጥ አብረን ነበርን። አንዲት ሳንቃ ነበረችው፤ ከአንድ ሰው በላይ አትችልም። እኔ መዋኘት እንደማልችል ያውቃል። ወደ እኔ ገፋልኝና 'ያዛት አንተ ኮርንዋሌ' ብሎ ዞር አለ። ከዚያ አላየሁትም።"

ቤላ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ጥብሱን አየሁ። አየህ ላንስ፣ ሞትህም እንኳ አማረልህ። እንደ ሌላው ሰው ዝም ብለህ ብትሰጥም ምን ነበረበት?

ፓስኮን ልሸኘው ስወጣ መንገድ ላይ ቆመ።

"እዚያ ቤት ውስጥ ያልተናገርኩት አለ" አለኝ። "ለሷ የሚነገር አይደለም። ላንተ ግን የተላከ ነው።"

"ከማን?"

"ከላንስ ነዋ። ያን ቀን ጠዋት ቁርሱን አልነካም። ሻዩን ገፋ አድርጎ 'ወደብ ስንገባ የዚያን የሩበንን ጥርስ ካላራገፍኩለት!' አለ። 'ምን አደረገህ?' ስለው 'አሳቃት' አለኝ።"

"አሳቃት?"

"ያላት ይቺን ብቻ ናት። ኋላ ደግሞ ሳንቃዋን ገፍቶልኝ ሲርቅ ዞሮ ጮኸ። 'ሩበንን በለው...' አለ። ማዕበሉ አፉን ሞላው። ሁለተኛ 'ሩበንን በለው' አለ፤ አሁንም አልጨረሰውም።"

"ድምፁ እንዴት ነበር? ተቆጥቷል ወይስ ለስልሷል?"

"ወንድሜ፣ በዚያ ብርድ የማንም ድምፅ አይለሰልስም። ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።"

ፓስኮ ሄደ። እኔ አጥር ተደግፌ ቀረሁ። አንተ፣ ሁሉ ያለህ ሰው፣ በእኔ ቀንተህ ነው የሞትኸው! መጀመሪያ ደስታ ተሰማኝ፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ጠላቱ ሲያነክስ ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ደስታ። ከዚያ ግን ያች ያላለቀች ቃል ትገዘግዘኝ ጀመር። ሩበንን ምን በለው? ዛቻ ናት? አደራ ናት? ሞተሩን ስጠግን ትመጣለች፤ ጢሜን ስላጭ ትመጣለች።

ለቤላ አልነገርኋትም። የአንተ ቀን እስክትደርስ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን አንስታ ስትቆልፍ ሳይ ግን ገነፈልሁ።

"ሂጂ!" አልኋት። "ሂጂ ወደ ቅዱስሽ! ቅዱስሽ ግን በመጨረሻ ቀኑ ስላንቺ እየጸለየ አልነበረም። የእኔን ጥርስ ሊያራግፍ ሲዝት ነበር፤ ስላሳቅኩሽ!"

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ ወንበር ሳበችና ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች።

"ፓስኮ ነው የነገረህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ፓስኮ የማያውቀውን እኔ ልንገርህ። ያን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተጣላን። 'ከሩበን ጋር ስትስቂ እንደነበረው ከእኔ ጋር ስቀሽ አታውቂም' አለኝ። እኔም ተናደድኩ። ምን አልኩት መሰለህ? 'አንተ ሰውን ሁሉ ታስቃለህ፤ ሩበን ግን እኔን ነው የሚያስቀኝ' አልኩት። ልጁን እንኳ ሳይስም፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። በዚያው ቀረ።"

ወደ ፎቶህ ዞርሁ።

"ከዚያ አንተ መጣህ" አለች። "ቆብህን ይዘህ። ከሰው ሁሉ አንተን! እግዜር ልኮ የሚቀጣኝ ነበር የመሰለኝ።"

"ታዲያ በየዓመቱ ባሕሩ ዳር የምትሄጂው..."

"ይቅርታ ልለው ነው። ስላንተ ነው ይቅርታ የምለው፣ አንተ ደደብ!"

አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር፤ መጀመሪያ አፍንጫዋ ነው የሚቀላው፣ እንዳልኸው። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ። በዚያ ሁሉ መካከል የቀናተኛ ልቤ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እውነትሽን ነበር? ያልሽው?"

"የቱን?"

"እኔ ነኝ የማስቅሽ?"

"ነበርክ" አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "እዚህ ከመጣን አኩርፈህ አኩርፈህ ተውከው።"

ከዚያ ወዲያ ምን ጥፊ አለ? ዓመታት ሙሉ አንተን ለማሸነፍ ስታገል፣ አንተን ያሸነፍሁባትን አንዲት ነገር በገዛ እጄ ጥያት ነበር። አንተ ከፎቶው ላይ ሆነህ አይተኸን ከሆነ፣ ያን ቀን ሳትስቅብኝ አልቀረህም።

አብሬያት እስከ ድልድዩ ጫፍ ሄድሁ። ያን ቀን ምን እንዳለችህ ታውቀዋለህ፤ እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ ቆሜ ስለነበር አልሰማሁም። ስትመለስ ክንዴን ያዘች።

ወዲያው ሁሉ ነገር ማር ሆነ አልልህም። ግን ማውራት ጀመርሁ፤ የመርከቧን ጉድ፣ የዓሣ አጥማጁን ስድብ፣ የአዛዡን አኳኋን እያመጣሁ እነግራታለሁ። በመጀመሪያ ፈገግ አለች። አንድ ቀን እራት ላይ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ ሜጊ ማንኪያዋን ይዛ "እማዬን ምን ነካት?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቱ እናቷ እንዲህ ስትስቅ አይታ አታውቅም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጄ ስምንት ከአገልግሎት ተሰናበተች። ሰንደቋን አወረድን፤ እኔም አብሬያት ተሰናበትሁና ሱፍ ፋብሪካ ሞተር ላይ ገባሁ። እሷ ጥግ ላይ ታስራ ወፍ ሲያርፍባት ቆየችና ተሸጠች። የታገለችለት ጦርነት አንድ የጠላት መርከብ እንኳ ሳታሰጥም አለቀ። ግን ሰው አልገደለችብንም፤ ከጭቃውም ከማዕበሉም አውጥታ መልሳናለች። ከዚያ በላይ ከአንዲት መርከብ ምን ይጠየቃል?

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። መርከቧ ከጠፋች በኋላ ውሃው ላይ ትንሽ አረፋ ቀርቶ ነበር። እሱን እያየን ሳለ አፌን ያሳከከኝ ነገር ወጣ። እስከ ዛሬ የደበቅኋትን ያችን ያላለቀች ቃል ለቤላ ነገርኋት። "ሩበንን በለው" ብለህ ሁለት ጊዜ እንደ ጮኽህ፣ ማዕበሉ እንዳቋረጠህ።

የካፖርቴን ኮሌታ ሰብስባ አረፋውን ማየቷን ቀጠለች።

"ምን ሊል ነበር ትያለሽ?" አልኋት።

"አደራ ሊልህ ነበር" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ሚስቴንና ልጄን አደራ በለው ሊል ነበር። ላንስ ደግ ሰው ነው። ውሃው ውስጥ ሆኖ ቂሙ ለቆት ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። እኛን ላንተ ሰጥቶህ ነው የሄደው፣ ሩበን።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ከልቧ ሸክም ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። "አዎ፣ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም" አልኋትና አቅፌያት ወደ ባቡሩ ወረድን። ለሷ ይህ ቃል ሰላም ይሰጣት፤ አልነጥቃትም።

ለአንተ ግን እውነቱን እነግርሃለሁ። እኔ አልተቀበልሁትም። ቃልህን ራሴ ጨርሼዋለሁ፤ "ሩበንን በለው፣ ብተርፍ ጥርሱን አራግፈዋለሁ!" ነው ያልኸው። በዚህ እጸናለሁ። ምክንያቱም አደራ ብለኸኝ ከሆነ ቤላን የሰጠኸኝ አንተ ነህ ማለት ነው፤ ያኔ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ፓዩን እንደ ሰጠኸኝ፣ ከእጅህ በተረፈኝ እኖራለሁ። ዝተህብኝ ከሆነ ግን ማንም አልሰጠኝም። ራሷ ናት የመጣችው።

በዚህ ቅር ካለህ ጥርሴ እነሆ፤ ጥቂት ወልቀዋል እንጂ የቀሩት ይጠብቁሃል። እስከዚያው ግን ተወኝ፣ ወንድሜ፤ ላስቃት።

ከነቅናቱ የሚወድህ፣
ሩበን